መብራቱም ሞተሩም አንድ ላይ ሲጠፋ

ሞተር ሳይክል በጉዞ ላይ እያለ ኤሌክትሪኩ ድንገት ሲቋረጥ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ነው ድርግም የሚለው። ዳሽቦርዱ ይጨልማል፣ ፍሬቻው አይበራም፣ ክላክሱ ቢጫኑት ዝም ይላል። በብዙዎቹ ላይ ሞተሩም አብሮ ይጠፋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ በምሽት ሲወርድ ይህ የደረሰበት ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ፍሬኑ አልጠፋም። የሞተር ሳይክል ፍሬን በሽቦ ወይም በዘይት ግፊት እንጂ በባትሪ አይሠራም። ኤቢኤስ ያለው እንኳ ቢሆን የሚቀረው ኤቢኤሱ ነው፤ ፍሬኑ ይይዛል። ፍሪሲዮኑን ይዞ፣ ቀስ ብሎ ወደ ዳር ወጥቶ መቆም ይቻላል።

ከቆሙ በኋላ ብዙ ሰው የሚለው «ባትሪው ሞተ» ነው፤ በማግስቱም አዲስ ባትሪ ይገዛል። ብዙ ገንዘብ ያለ ጥቅም የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የሚደክም ባትሪ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው እየከበደው ይዞራል፣ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፣ የክላክሱ ድምፅ ይሰልላል። ደህና ሲሄድ ቆይቶ ባንድ ቅጽበት ሁሉም ነገር ከጠፋ ግን መጠርጠር ያለበት ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

መንገዱ አጭር ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሣል፣ ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከጎን መሸፈኛው ውስጥ ባለው ዋና ፊውዝ ያልፋል፣ ወደ ቁልፉ ማስገቢያ ይወጣል፣ ከዚያ ለመብራቱም ለክላክሱም ይከፋፈላል። ሲመለስ በሻሲው በኩል አድርጎ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይገባል። ሁሉም ነገር አንድ ላይ የሚጠፋው ሁሉም በጋራ በሚጠቀሙበት ቦታ ላይ መቋረጥ ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ፍሬቻውንና አምፖሉን አንድ በአንድ መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የባትሪው ተርሚናል ላይ ይውደቅ። ብሎኑ በጣት ሲነካ የሚዞር ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው፤ በኮረኮንች መንገድ የሚሠራ ሞተር ብሎኑን ቀስ በቀስ ያላላል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ከተጋገረበት ደግሞ ብረትና ብረት አልተነካኩም። ኔጌቲቩን አስቀድሞ መፍታት፣ በቤኪንግ ሶዳና በሞቀ ውኃ ማጠብ፣ በብሩሽ መፈግፈግ፣ አድርቆ አጥብቆ ማሰር፣ ላዩን ቫዝሊን መቀባት ነው። ኔጌቲቩ አስቀድሞ የሚፈታው፣ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ የሚታሰረው ያለ ምክንያት አይደለም። ፖዘቲቩን የያዘው መፍቻ ሻሲውን ድንገት ቢነካ ኃይለኛ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ባትሪ ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

ሰው የሚሳሳተው ቴስተር ሲይዝ ነው። ደህና ቻርጅ የሆነ ባትሪ ሥራ ሳይኖርበት 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ይህን ያየ ሰው «ባትሪው ደህና ነው» ብሎ ቴስተሩን ያስቀምጣል። መለካት ያለበት ግን ቁልፉ ተከፍቶ፣ መብራቱ እንዲበራ ተደርጎ ነው። የቴስተሩ ጫፎች በባትሪው እርሳስ ላይ እንዳሉ ቁልፉ ሲከፈት ቁጥሩ ወደ 5 ወይም 3 ቮልት ከተንኮታኮተ ባትሪው ውስጡ ተበላሽቷል፤ ያኔ መግዛት ተገቢ ነው። ቁጥሩ ከ12.6 ንቅንቅ ሳይል ሞተር ሳይክሉ ጨልሞ ከቀረ ግን ከባትሪው ምንም እየወጣ አይደለም፤ መንገዱ ተቆርጧል። ቴስተር የሌለው ሰው የፍሬቻ አምፖል በሁለት ሽቦ አስሮ ይጠቀም። እንዲያውም አምፖሉ አንዳንዴ ከቴስተሩ ይሻላል። ቴስተር ከባትሪው የሚወስደው ኢምንት ስለሆነ በአንድ ቀጭን ክር በተንጠለጠለ ሽቦ በኩል እንኳ 12 ቮልት ያነባል፤ አምፖሉ ግን በቂ ኤሌክትሪክ ካልደረሰው አይበራም።

ዋናው ፊውዝ ተቃጥሎ ከተገኘ በዚያው ቁጥር ፊውዝ ይተካ፤ 15 አምፔር ከሆነ በ15። በሽቦ ወይም ከሲጋራ ፓኬት በተቀደደ ብልጭልጭ ወረቀት መተካት ግን ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው። ፊውዙ የተቃጠለው ፖዘቲቭ ሽቦ የሆነ ቦታ ተልጦ ሻሲውን ስለነካ ሊሆን ይችላል። ፊውዙ ካልተቋረጠ የሚግለውና የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ነው፤ ያ ሽቦ ደግሞ የሚያልፈው በነዳጅ ታንከሩ ሥር ነው። ተጨማሪ መብራት፣ አላርም ወይም የስልክ ቻርጀር ካለ መጀመሪያ የእነሱ ሽቦ ይታይ፤ በሩጫ የተቀጠለና በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ፊውዙም ተርሚናሉም ደህና ከሆኑ ቁልፉን ከፍቶ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጥግ ማዞር ነው። ዳሽቦርዱ ብልጭ ድርግም ካለ የተቆረጠው ሽቦ ከመሪው አንገት ላይ ነው፤ መሪው በዞረ ቁጥር እዚያ ያሉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ፣ ላስቲኩ ሳይቀደድም ውስጡ ያለው መዳብ ሊበጠስ ይችላል። ከቁልፉ ማስገቢያ የሚወርደው ሶኬት ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ወይም ቀልጦ ከተገኘም ምክንያቱ እሱ ነው። ከሻሲው ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ገመድም አይረሳ፤ ቀለምና ዝገት በመካከል ገብቶ ሊያቋርጠው ይችላል።

በአንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ላይ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል። የእነዚህ ካንዴላ እሳት የሚያገኘው ከባትሪው ሳይሆን ሞተሩ ውስጥ ካለው የራሱ ኮይል ነው። ነዳጁ በኢንጀክሽን የሚረጭላቸው አዳዲሶቹ ግን ኮምፒውተራቸውም የነዳጅ ፓምፓቸውም ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ መንገዱ ሲቆረጥ ወዲያው ይጠፋሉ።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ አንድ ልኬት ይቀራል። ጋዝ መጠነኛ ተሰጥቶ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መነበብ አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ባትሪው ቻርጅ እየሆነ አይደለም፤ መንገድ ላይ ተመልሶ ይጠፋል። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚገድበው ሬጉሌተር ይቀየር፤ አዲስ የተገዛውን ባትሪ ሳይቀር ቀቅሎ የሚጨርሰው እሱ ነው።