ፈጣን ማሽን ያልፈታው ቆጠራ

ኮምፒውተር በፈጠነ ቁጥር የሚጫንበት ሥራም ይበዛ ነበር። ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች በየዓመቱ በእጥፍ እንደሚጨምሩ ተነበየ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ጊዜውን ወደ ሁለት ዓመት አራዘመው። ቺፑ በእርግጥም ገሰገሰ። ዳታው ግን እየቀደመው ሄደ፤ ሕፃን የሚጠይቀው የሚመስል አንድ ጥያቄም ማሽኖቹን ተፈታተናቸው፦ «ስንት የተለያዩ ነገሮች አየህ?»

ከደባርቅ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ወርዶ የሚገኘው ዛሪማ ላይ አንድ ሰው መንገድ ዳር ተቀምጧል እንበል። ሥራው በዓመቱ ስንት የተለያዩ መኪኖች እንዳለፉ መናገር ነው። ዛሬ ወደ ሽሬ የወረደው አይሱዙ ነገ ወደ ጎንደር ሲመለስ ሁለቴ መቆጠር የለበትም። ታርጋውን ሁሉ ልጻፍ ቢል ደብተሩ ያልቃል፤ መኪና በመጣ ቁጥርም የኋላውን ሁሉ ማገላበጥ ሊኖርበት ነው። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ ማስታወሻው ሲሰፋለት ሰልፉ ይረዝም ነበር። በሰውየው እጅ ያለችው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ብትሆንስ?

በእንግሊዝ አገር የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ናይጄል ማርቲን መልሱን ዜሮዎች ውስጥ አየው። እያንዳንዱ ታርጋ በአንድ ቋሚ ቀመር ወደ ተዘበራረቀ ቁጥር ይቀየር። ከአሥር ቁጥሮች አንዱ በዜሮ ያበቃል፣ ከመቶ አንዱ በሁለት ዜሮ፣ ከሺህ አንዱ በሦስት። በሦስት ዜሮ የሚያበቃ ከታየ እንግዲህ ሺህ ያህል የተለያዩ መኪኖች ሳያልፉ አልቀሩም። ያው መኪና መቶ ጊዜ ቢመላለስ ቁጥሩ ያው ነውና ቆጠራውን አያዛባም። ወረቀቷ ላይ የሚቀረው የታዩት የዜሮ ብዛቶች ምልክት ብቻ ነበር። እጅግ ያማረ ሐሳብ ነው! ግን ግምቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋድል ነበር።

ደግነቱ ነገሩ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፊሊፕ ፍላዦሌ ጆሮ ደረሰ። ፍላዦሌ ኮምፒውተር በሚጠቀምባቸው የሁለትዮሽ (የ0 እና የ1) ቁጥሮች ላይ የመጋደሉን መጠን በስሌት አሳድዶ ያዘው፦ 0.77351። ግምቱ ለዚህ ቁጥር ሲካፈል ቀና አለ። ሁለቱ ሥራቸውን በ1983 በጋራ ይፋ አደረጉ።

እንቆቅልሹ ግን አላለቀም። ተመራማሪው ዴቪድ ውድረፍ በ2004 ስህተትን በግማሽ ለመቀነስ የፈለገ ሰው አራት እጥፍ ያህል ማስታወሻ እንደሚያስፈልገው፣ ከዚያ በታች የሚወርድ ዘዴም እንደማይኖር አረጋገጠ። በእጅ ያሉት ዘዴዎች ደግሞ ከዚያ ወለል ገና ርቀው ነበር። በዚያው ዓመት ኢንቴል የ4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ዕቅዱን ሰረዘ። የቺፑ ሙቀት ፍጥነቱን አላስኬድ ብሎ ነበር። ከማሽኑ በኩል የሚጠበቀው እርዳታ እየሳሳ ሄደ።

ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው ጄላኒ ኔልሰን ያን ጊዜ በኤምአይቲ ተማሪ ነበር። ከጊዜ በኋላ ከዳንኤል ኬንና ከራሱ ከውድረፍ ጋር ወደ ወለሉ ለመውረድ ተነሣ። እንቅፋቱ ስህተትን ለመቀነስ ጎን ለጎን የሚሠሩት ብዙ ቆጣሪዎች እያንዳንዳቸው ሙሉ ቁጥር መያዛቸው ነበር። ሦስቱ አንድ ሻካራ ግምት ለብቻው አኖሩና ቆጣሪዎቹ ከእሱ ያላቸውን ልዩነት ብቻ እንዲይዙ አደረጉ። ልዩነቱ በአማካይ ጥቂት ስለሆነ ቦታ አልፈጀም። በ2010 ወለሉን ነኩት፤ ያለፈው ቢሊዮንም ይሁን አሥር፣ አዲስ ለመጣው የሚወጣው ድካም እኩል ሆነ። ፖድስ የተባለው የዳታቤዝ ጉባኤም የዓመቱ ምርጥ ጽሑፍ አድርጎ ሸለማቸው።

የተጠቃሚው ፍላጎት ከማሽኑ ፍጥነት መቅደሙን የሚያቆም አይመስለኝም፤ ክፍተቱን ይበልጥ የሚያጠበው እንዲህ ያለ ዘዴ ነው። ኔልሰን በ2011 አዲስ ኮደር የተሰኘውን ፕሮግራም በአዲስ አበባ ከፍቶ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህንኑ የዘዴ ትምህርት በነፃ ማስተማር ጀመረ። በደባርቅ፣ በዳባትና በዛሪማ የምታስተምሩ መምህራን፣ ቁጥር የሚወዱ ልጆቻችሁን ስለዚህ ትምህርት ንገሯቸው፤ እንዲያመለክቱም አግዟቸው።