«ባሕር የለን፣ ዳርቻው ምን አገባን?»

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ስለሌላት፣ የውሃ ዳርቻ ጥበቃ ሲነሳ ብዙ ሰው የሌላ አገር ወሬ ያደርገዋል። ምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ወርቅ ደጋ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ማለት ደግሞ ይቀላል። ጣና ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ከሕዳሴ ግድብ ኋላ የተኛው ሐይቅም ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ዳርቻስ አለን።

«እምቦጭ ተነቅሎ ካለቀ ጣና ዳነ» ይባላል። ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል ለዋለው ገበሬ አክብሮት ይገባዋል፤ የአረሙ ዘር ግን ደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። አረሙን የሚያፋፋውም ከእርሻ ታጥቦ የሚወርድ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚለቀቅ ፍሳሽ ነው። ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡታል። እነሱ የሚያልፉበት ማሳ ካልተያዘ ነቀላው በየዓመቱ ይደገማል።

«የእኛ ጎርፍ ጣና አይገባም» የሚል የእነርጅ እናውጋ ወረዳ ሰው ግን ልክ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ውሃ የሚወርደው ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ ወደሚያልፍበት በረሃ ነው። ችግሩ አፈሩም አብሮ መውረዱ ነው፤ መንገዱም ወደ ግድቡ ይወስደዋል።

«ውሃ መጠበቅ የአዲስ አበባ ሥራ ነው» የሚለውስ? ግማሹ እውነት ነው። ሕገ መንግሥቱ ክልል ተሻጋሪ ወንዞችንና ሐይቆችን በአንቀጽ 51 ለፌዴራሉ፣ የመሬት አስተዳደርን ግን በአንቀጽ 52 ለክልሎች ሰጥቷል። ስለዚህ ደለሉ የሚነሳበት ተዳፋት በክልሉ፣ በወረዳውና በቀበሌው እጅ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣውና በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነውም ጠረጴዛማ እርከን ሳይሠራለት ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት ደንግጎ ነበር። ሕግ አልጠፋም።

የጎደለው፣ እንደ እኔ፣ ከጥርና ከየካቲት የእርከን ሥራ ዘመቻ በኋላ ያለው ክትትል ነው። የተሠራው እርከን በኪሎ ሜትር ተለክቶ ሪፖርት ይሆናል፤ ከዚያ ልቅ የተለቀቀ ከብት ይረግጠዋል። እርከን የሚሠራ ቀበሌ ብዙ ነው፤ በሰኔ ተመልሶ ስንቱ እንደቆመ የሚቆጥረው ግን ጥቂት ነው።