ፍቅር እስከ መቃብርን ለአራተኛ ክፍል ልጅ? ኧረ ተዉ!

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። (አዲስ ለገባችሁ፦ የምሠራው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።) ዛሬ ከሰዓት አንዲት እናት መጡ። የአራተኛ ክፍል ልጃቸው ጥግ ላይ ዊምፒ ኪድ የሚባለውን ባለ ሥዕል መጽሐፍ ይዞ ብቻውን ይስቃል። እሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ከሆነ ቻናል ያገኙትን ዝርዝር አሳዩኝ፦ «ልጅዎ 12 ዓመት ሳይሞላው ሊያነባቸው የሚገቡ መጻሕፍት»። ፍቅር እስከ መቃብር አለበት። አኒማል ፋርም አለበት። ሪች ዳድ ፑር ዳድ አለበት! የአሥር ዓመት ልጅ የኪራይ ቤት ገቢ ምን ያደርግለታል?

አንድ ነገር ልናገር ስል «ባለሙያ ያዘጋጀው ነው» አሉኝ። ባለሙያው ፊታቸው ቆሟል እኮ! ከዚያ መጽሐፉን ከልጁ እጅ ወሰዱና «ይሄ ሥዕል ነው፤ ቁም ነገር ያለው ስጡልኝ» አሉ። ልጁ ዝም አለ።

ዝርዝሩን የምታዞሩ ሰዎች፣ እባካችሁ፦

1. እንስሳ የሚናገርበት ሁሉ የልጅ መጽሐፍ አይደለም። ደራሲው ኦርዌል በ1945 እ.ኤ.አ. አኒማል ፋርምን ሲያሳትም ከርዕሱ ሥር «ተረት» የሚል ቢያክልበትም የጻፈው ስለ ስታሊን ሩሲያ ነው።

2. ፍቅር እስከ መቃብር (1958 ዓ.ም.) ከ500 ገጽ በላይ ነው። የሰብለና የበዛብህ ፍቅር የአሥር ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ አይገባም፤ አሁን ካስጠላችሁት ደግሞ በሃያ ዓመቱም አይከፍተውም። የግድ የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ይሁን ካላችሁ፣ ተረት ተረት የመሠረት የሚል መጽሐፍ አላቸው። የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌም አለ፤ አጭር አጭር ነው፣ ቤት ይመታል፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ደስ ይላል።

3. የሥዕል ነገር። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ሥዕል የሚረዳው ለምን መሰላችሁ? ፊደላችን ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ አያሳይም። «ዋና» ባሕር ውስጥ ያለው ነው ወይስ አለቃው? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? እኛ ሳናስተውል እናልፈዋለን። ልጁ ግን እስከ አራት ነጥቡ ሄዶ፣ ተመልሶ ነው የሚያቃናው። ቃሉን ቀድሞ በጆሮው ካልሰማው ቢመለስም አይረዳውም። 231ዱን ፊደል ለየ ማለት ማንበብ ቻለ ማለት አይደለም!

ለዚህ ነው አጭር አንቀጽ፣ የሚያውቀው ቃል፣ አዎ ሥዕልም፣ የሚያስፈልገው። በእንግሊዝኛ ቢያነብም ያው ነው፤ ምላሱ የሚፈታው በቀላል መጽሐፍ ነው። አንዱን መጽሐፍ ሦስቴ ሲያነብ «ይሄን ጨርሰኸው የለም እንዴ?» እያላችሁ አታሳቅቁት። እናንተ አንዱን ዘፈን ስንቴ ትሰማላችሁ?

መለኪያ ከፈለጋችሁ፦ መሃል ላይ አንድ ገጽ ይክፈት። ያላወቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ይቆየው፣ ወይ እናንተ አንብቡለት። አንድም ጣት ካላጠፈስ? ያንብበዋ! ማን ከለከለው?

አራተኛ ነበረኝ፣ ጠፋኝ። በነካ እጄ ግን ስለ ትምህርት ቤቶች ልናገር። መጽሐፉን ቆልፎ ቁልፉን ንብረት ክፍል የሚያስቀምጥ ስንቱ ነው? «ልጆች ይቀድዱታል» ይላሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ቆጠራ ተደርጎ «አንድም አልጎደለም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ማን ነክቶት ይጎድላል? አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ሄዶ ፎቶ የተነሳው ርዕሰ መምህር ሁሉ የራሱን በር ቢከፍት ምን ነበር? ደግሞ ቤተ መጻሕፍት የሚመደበው ሰው ሌላ ቦታ ያልፈለጉት ነው... ተዉት፣ ይሄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ልጁ ባዶ እጁን ሄደ። ዊምፒ ኪድ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ የደረሰበት ገጽ ላይ ወረቀት አድርጌበታለሁ። እናቱ ይሄን ካዩት፣ ነገ በእረፍት ሰዓት ይላኩልኝ።