በጀልባ ላይ የሚኖር ሰው ዋና ማወቅ አለበት ወይ?

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የድንጋይ ከሰልና ሸቀጥ ለማመላለስ በእንግሊዝ አገር በተቆፈሩት የውሃ ቦዮች ላይ ዛሬ ብዙ ሰዎች ናሮውቦት በሚባሉ ጠባብና ረጃጅም የብረት ጀልባዎች ውስጥ ይኖራሉ። የጀልባዎቹ ወርድ ወደ 2.1 ሜትር ብቻ ሲሆን ርዝመታቸው እስከ 22 ሜትር ይደርሳል፤ ምድጃ፣ አልጋና ወጥ ቤት ስላላቸውም ለነዋሪያቸው ሙሉ ቤት ናቸው። ወደዚህ ኑሮ ለመግባት የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ ዋና ሳይችሉ በውሃ ላይ መኖር ይቻላል ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ዋና የሚችል ይድናል፣ የማይችል ይሰጥማል ከሚል ግምት ስለሚነሣ አሳሳች ጎን አለው፤ ግምቱም በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሠራም።

የቦዩ ጥልቀት በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ስለሆነ፣ ከጀልባው የወደቀ አዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው መዋኘት ሳይሆን ቀጥ ብሎ መቆም ነው። አደጋው የሚከፋው ሎክ በሚባለው ስፍራ ነው። ሎክ ከፍታቸው የተለያየ ሁለት የቦይ ክፍሎችን የሚያገናኝ፣ በጡብ ወይም በድንጋይ የተገነባና በሁለቱም ጫፍ በር ያለው ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ውሃ ሲሞላበት ጀልባውን ከፍ፣ ሲጎድልበት ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። በጠባቦቹ ሎኮች ውስጥ በጀልባውና በግድግዳው መካከል የሚቀረው ክፍተት የእጅ መዳፍ እንኳ በቅጡ አያስገባም፤ ግድግዳው አረንጓዴ ዝቃጭ የለበሰና የሚያሟልጭ ነው፤ ውሃው ይናወጣል፤ ከጀልባው ኋላ ደግሞ ፕሮፔለሩ ይሽከረከራል። እዚህ ለወደቀ ሰው የዋና ችሎታ የሚሠራበት ቦታ የለም። ሕይወቱ የሚተርፈው መሪውን የያዘው ሰው ወዲያው የፕሮፔለሩን መሽከርከር ካቆመ፣ ሌላው ደግሞ የውሃ ማስገቢያውን ዘግቶ ገመድ ከወረወረለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ቅዝቃዜው ነው። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ቆዳው በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ፣ ሳይፈልግ አየር በኃይል ይስባል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ የልብ ምቱና የደም ግፊቱም ያሻቅባል። ይህ ሁኔታ የቀዝቃዛ ውሃ ድንጋጤ ይባላል። የመጀመሪያው ትንፋሽ የተሳበው ፊት ከውሃ በታች ሳለ ከሆነ፣ ወደ ሳንባ የሚገባው ውሃ ጎበዝ ዋናተኛን እንኳ ሊገድል ይችላል። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት ሂደቱን በሦስት ቁጥሮች ያስረዳሉ፦ ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር ሳይደነዝዝ ለመንቀሳቀስ 10 ደቂቃ፣ ሃይፖተርሚያ ማለትም የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች መውረድ ራስን እስኪያስት ድረስ ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ሊሰመርበት የሚገባ ነው፤ ብዙ ሰው የሚፈራው የመጨረሻውን ደረጃ ማለትም ሃይፖተርሚያን ሲሆን፣ ብዙዎች ግን እዚያ ሳይደርሱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይሞታሉ። ስለዚህም የነፍስ አድን ባለሙያዎች የወደቀ ሰው ወዲያው ለመዋኘት ከመሞከር ይልቅ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ እጅና እግሩን ዘርግቶ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ እንዲንሳፈፍ ይመክራሉ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1861 በሰሜን እንግሊዟ ዊትቢ ወደብ የደረሰው ጥፋት የዚህን ክርክር ፍሬ ነገር በጉልህ ያሳያል። ባሕሩን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁ ነፍስ አድን ቀዛፊዎች በዚያው ቀን ከማዕበል ብዙ መርከበኞችን ካወጡ በኋላ ጀልባቸው ተገለበጠና 12ቱ ሞቱ። የተረፈው ሄንሪ ፍሪማን ብቻ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የለየው በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን የቡሽ ጃኬት መልበሱ ነበር።

ቅዝቃዜ በሌለበት በሞቃታማው ባሕር ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ይኸውም ጀልባው ሰውየውን ጥሎ መሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ኮንቲኪ በተባለው የባልሳ እንጨት ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ ሰላማዊውን ውቅያኖስ ሲያቋርጥ፣ ሄርማን ዋትዚንገር ነፋስ የወሰደውን የመኝታ ከረጢት ሊይዝ ሲል ወደቀ። ዋትዚንገር ዋና ይችል ነበር፤ ሆኖም በነፋስ የሚነዳውን ታንኳ ሊደርስበት አልቻለም፤ ታንኳውም ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ የተወረወረለትንም መንሳፈፊያ ነፋሱ መልሶ ወደ ታንኳው አመጣው። ያዳነው ክኑት ሃውግላንድ መንሳፈፊያውን ከነገመዱ ይዞ ወደ ባሕሩ መዝለሉና ሌሎቹ ሁለቱንም ጎትተው ማውጣታቸው ነበር። ዋናው ገመዱ እስኪደርስ ጊዜ ሰጠ እንጂ ወደ ታንኳው አልመለሰውም፤ ዋና ባይችል ግን ገመዱም ባልደረሰለት። የዋና ትክክለኛ ዋጋም ይኸው ይመስላል፦ ርቀትን ማሸነፍ ሳይሆን ጊዜ መግዛት።

ዋና የኑሮው መሠረት የሆነባቸው ሕዝቦችም አሉ። በምያንማርና በታይላንድ ጠረፍ በአንዳማን ባሕር ላይ ለትውልዶች በጀልባ የኖሩት ሞከኖች ምግባቸውን ከባሕሩ ወለል ጠልቀው ስለሚለቅሙ ልጆቻቸው ገና በሕፃንነታቸው ውሃን ይለማመዳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የስዊድናዊቷ አና ጊስሌን ጥናትም የሞከን ልጆች በውሃ ውስጥ ከአውሮፓውያን ልጆች ከእጥፍ በላይ አጥርተው እንደሚያዩ አሳይቷል። በአንጻሩ በሆንግ ኮንግ ወደቦች በጀልባ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ገና ዋና ያልለመዱ ሕፃናትን ወገብ በገመድ ያስሩ፣ በጀርባቸውም የእንጨት መንሳፈፊያ ያደርጉ ነበር። የዚህ ጥንቃቄ ሐሳብ ዛሬም ይሠራል፤ ዋና የተማረ ሕፃን እንኳ ያለ ጃኬትና ያለ ጠባቂ በጀልባ ጠርዝ ሊተው አይገባም።

ጉዳዩ ከጣና ሐይቅ ጋርም ይያያዛል። ከደንገል የሚሠራው የጣና ታንኳ ውሃ ሞልቶት እንደ ድንጋይ የሚወርድ ሳይሆን ቀስ በቀስ ውሃ የሚጠጣ ስለሆነ፣ ቢገለበጥ እንኳ የሚይዙት መንሳፈፊያ ነው፤ ሄየርዳልም እ.ኤ.አ. በ1969 ራ የተባለውን ጀልባውን ሲያሠራ ደንገሉን የወሰደው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ተጓዦችንና ምእመናንን ወደ ደሴት ገዳማቱ የሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎች ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የላቸውም፤ ውሃ ከገባባቸው ይሰጥማሉ፤ የሐይቁም ማዶ ለዋናተኛ ሩቅ ነው። በእነዚህ ጀልባዎች ላይ የነፍስ አድን ጃኬት ከመቀመጫ ሥር ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዋና የሚችለውም የማይችለውም እኩል አጥልቆ የሚያስረው ልብስ መሆን ይኖርበታል።