የሞተር ሳይክል መሪ ጣት የሚያደነዝዘው ለምንድን ነው?

ከዳንግላ ባሕር ዳር በሞተር ሳይክል 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትደርሱ ጣታችሁ ደንዝዞ ከሆነ መንገዱን ብቻ አትውቀሱ፤ ልሙጥ አስፋልት ላይም ያደነዝዛል።

ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር ቢዞር በሰከንድ 100 ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ከሆነ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ሻንሲውን በሰከንድ 100 ጊዜ ይነቀንቀዋል። በባለ አራቱ የስፖርት ሞተር ሳይክል ግን ሁለቱ ሲወጡ ሁለቱ ስለሚወርዱ ይህ ይጣፋል። የሚተርፈው በእጥፍ የሚመጣው ነው፤ በሰከንድ 200። እሱ ነው እንግዲህ አስቸጋሪው! የጣታችን ቆዳ አብልጦ የሚሰማው ከ200 እስከ 300 ያለውን ንዝረት ነዋ።

መሪውም እንደ ክራር ጅማት የራሱ ቅኝት አለው። የሞተሩ ንዝረት ከቅኝቱ ጋር ሲገጥም ይጎላል፤ በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚብሰውም ለዚህ ነው። ጫፎቹ ላይ ከባድ ብረት ሲታሰር ቅኝቱ ይወርዳል፣ ልክ እንደ ወፍራም ጅማት። ንዝረቱ አልጠፋም፤ ዘወትር ከምትነዱበት ፍጥነት ራቀ እንጂ።

ብረቱን ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች አስፈትሹ። መሪውንም አንቃችሁ አትያዙ፤ ጠበቅ ባደረጋችሁት ቁጥር ንዝረቱ ወደ ክንድ ይዘልቃል። ድንዛዜው አልለቅ ካለ፣ ወይም ጣታችሁ በብርድ የሚነጣ ከሆነ፣ ነርቭና ደም ሥር ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ይየው።