ዓይን የፈረደው ክርክር

በአገራችን ሁለት ባላጋሮች በዳኛ ፊት ቆመው በላ ልበልሃ ሲባባሉ፣ ታዳሚው ቃላቸውን ብቻ ሳይሆን አቋቋማቸውን፣ የኩታቸውን አደራረግና የፊታቸውን መለዋወጥ ጭምር ይመረምር ነበረ። የአሜሪካ ሕዝብ ይህንኑ ነገር በቴሌቪዥን መስኮት ፊት ተቀምጦ እንደ አዲስ የተማረው በ1960 ዓመት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ነው።

በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 26 ቀን፣ በእኛ መስከረም 16 ቀን 1953 ዓ.ም. በደመራ ዕለት መሆኑ ነው፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ሴናተር ጆን ኬኔዲና ምክትል ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በቺካጎ ከተማ ተገናኝተው ሲከራከሩ፣ 70 ሚሊዮን የሚያህል ሰው በየቤቱ ሆኖ ተመለከታቸው። ኬኔዲ የብረት ፋብሪካዎቹ ግማሽ ኃይል ሥራ ፈቶ መቀመጡን አንሥተው አገሪቱ ከዚህ አብልጣ ልትራመድ ይገባታል አሉ። ኒክሰንም በሰባት ዓመት ተኩል ውስጥ የተሠሩትን ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና መንገዶች ጠቅሰው መለሱ። ነገር ግን ከዚያ ሌሊት በሰው አፍ የቀረው ብረቱም መንገዱም አይደለም።

ኒክሰን በነሐሴ ወር ጕልበታቸውን በመኪና በር ተመትተው ሁለት ሳምንት ያህል በሆስፒታል ተኝተው ነበርና፣ ከስተውና ገርጥተው ቀረቡ። ሥዕሉ በጥቁርና በነጭ ብቻ የሚታይ ስለ ነበረ፣ ግራጫ ልብሳቸው ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ጋራ ተመሳስሎ ደበዘዘ፤ የኬኔዲ ጠቈር ያለ ልብስ ግን ጐልቶ ታየ። የጢማቸውን ጥላ ለመሸፈን የተቀቡት ዱቄት የመብራቱን ሙቀት አልቻለውም፤ አገጫቸውን ላብ ወረሰው። እናታቸው እንኳ ልጄ ታሟል ወይ ብለው በስልክ አስጠየቁ። ኬኔዲ ደግሞ ወደ መነጽሩ እየተመለከቱ ይናገሩ ነበርና፣ በቤቱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ነገሩ ለእርሱ ብቻ የተነገረው መሰለው።

በራዲዮ የሰሙት ሰዎች ኒክሰን ረትተዋል ብለው ፈረዱ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። የወሬው መሠረት የሆነው ምርመራ የጠየቃቸው የራዲዮ ሰሚዎች ጥቂት ናቸውና፣ ለምስክርነት የሚበቃ አይደለም። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላ ነው። የኒክሰን ሕመም አልፎ የሚሄድ የጕልበት ሕመም ሲሆን፣ ፊታቸው በጤና ያበራ የነበረው ኬኔዲ አዲሰን የሚባለውን ጽኑ በሽታ ከሕዝብ ሰውረው ዕለት ዕለት መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ዓይን በዚያ ሌሊት ጤነኛውን በሽተኛ፣ በሽተኛውን ጤነኛ አድርጎ አየ። ኬኔዲም በኖቬምበር 8 ቀን 68 ሚሊዮን ያህል ሰው ድምፅ ከሰጠበት ምርጫ፣ ከ120 ሺህ በማይበልጥ ድምፅ ቀድመው አሸነፉ።

ከዚያ በኋላ እስከ 1976 ዓመት ድረስ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩ ሰዎች በቴሌቪዥን ተገናኝተው አልተከራከሩም። በዚያ ዓመት ጄራልድ ፎርድና ጂሚ ካርተር በፊላዴልፊያ ከተማ ሲከራከሩ የድምፁ መሣሪያ ተበላሽቶ 27 ደቂቃ ድምፅ ጠፋ። ሁለቱም ከየአትሮንሳቸው ሳይርቁ ቃል ሳይለዋወጡ ቆሙ፤ ሕዝቡም በየቤቱ ሆኖ ዝምታቸውን ይመለከት ነበረ።