የላፕቶፕ ሜሞሪ ማሳደግ

የላፕቶፕ ሜሞሪ ማሳደግ ማለት በማሽኑ ውስጥ ያለውን ራም ከፍ ባለ መጠን መቀየር ወይም በባዶው ማስገቢያ ላይ ሌላ መጨመር ነው። ራም ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞችና ፋይሎች ይይዛል፤ ማሽኑ ሲጠፋ ይዘቱም ይጠፋል። ሰነድና ፎቶ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ሌላ ዕቃ ነው።

ትውልድና ቮልቴጅ

የላፕቶፕ ራም ሶዲም በሚባል፣ ከዴስክቶፑ ግማሽ ያህል ርዝመት ባለው ሰሌዳ ላይ ይሠራል። ዲዲአር3 204፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 262 የመገናኛ ነጥቦች አሏቸው። ከታች ያለው ቁርጥ በየትውልዱ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፤ በጉልበት የሚገፋ ሰው ማስገቢያውን ይሰብራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በዲዲአር3 ላይ ነው። ይህ ትውልድ በ1.5 ቮልት የሚሠራና በ1.35 ቮልት የሚሠራ (ዲዲአር3ኤል) ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም ቁርጣቸው አንድ ስለሆነ ያለ ችግር ይገባሉ። ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያለው በአብዛኛው የ1.5 ቮልት ማሽን ላይም ይሠራል። ለ1.35 ብቻ በተሠራ ላፕቶፕ ላይ ግን ባለ 1.5ቱ ሲገጠም ማሽኑ ሳይነሳ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ልዩነቱን የሚናገረው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከ«ፒሲ3» ቀጥሎ ያለችው «ኤል» ናት። እዚያው የሚጻፈው እንደ 12800 ያለ ቁጥር ለ8 ሲካፈል ፍጥነቱን፣ ማለትም 1600ን ይሰጣል።

የሞዴል ስም መመሳሰል አያስተማምንም። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ2 የሚቀበለው ዲዲአር3ኤል ሲሆን፣ ተከታዩ ጂ3 ዲዲአር4 ነው።

ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች አብረው ሲገጠሙ ሁለቱም በዝግተኛው ፍጥነት ይሠራሉ፤ ይህ ጉዳት የለውም። መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት ራም ግን ማዘርቦርዱ በሁለት መስመር እንዲያነብ ስለሚያስችል ከአንድ ትልቅ ይልቅ ይመረጣል።

ከገበያ ርቆ ላለ

አፍደም በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ በቀድሞው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ቦታ ተሳስቶ የተገዛ ራም ኪሳራው በዋጋው ብቻ አያበቃም፤ ወደ ድሬዳዋ መመለሻ ትራንስፖርትና የባከነ ቀን አለበት። ስለዚህ የተሻለው መንገድ ላፕቶፑን ራሱን ይዞ ሄዶ ሱቁ ውስጥ አስገጥሞ ማየት ነው። በሰው የሚያስመጣ ደግሞ ነባሩን ራም አውጥቶ መለያ ወረቀቱን፣ በላፕቶፑ ሆድ ላይ ያለውንም የሞዴል ስም ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለሻጩ ይልካል። «ራም 8 ጊጋ» ብሎ ብቻ ማዘዝ ዕድልን መሞከር ነው።

ከዚያ በፊት ግን የሚያስፈልገው ራም መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ገጽ ስንት ማስገቢያ እንዳለ፣ ስንቱ እንደተያዘና ራሙ በመቶ ስንት እንደሞላ ያሳያል። ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ማሽኑ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው፤ በኤስኤስዲ መቀየሩ ገንዘቡን የበለጠ ያዋጣል። 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበትም ቢሆን 8 ጊጋ ቢገጠምለት ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም።

አገጣጠም

ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪው ይወጣል፤ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ገመዱ ከማዘርቦርዱ ይለያል። በደረቅ ቆላ አየር ሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊያቃጥል ስለሚችል ራሙን ከመንካት በፊት ያልተቀባ ብረት መንካት ያስፈልጋል። ራሙ በ30 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ ይገባና ሁለቱ የጎን መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ወደ ታች ይጫናል። ከተገጠመ በኋላ ማሽኑ ካልተነሳ ራሙ ተበላሽቷል ከማለት በፊት አውጥቶ የመገናኛ ነጥቦቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ መጥረግና መልሶ መግጠም ነው፤ አቧራ ባለበት አገር ይህ ብዙ ማሽን አስነስቷል።

እንደ አፕል ማክቡክ ኤር ባሉ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ ማስገቢያ የላቸውም፤ መጠኑ የሚወሰነው ማሽኑ በሚገዛበት ዕለት ነው።